በቍጥር ይገባ፣ በቍጥር ይውጣ፦ ለጉባኤ የተከራየናቸውን የድምፅ መሣሪያዎች ከስርቆት ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በሚጾመው ጾመ ፍልሰታ፣ ጥር 10 ቀን ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት ወርደው በሚያድሩበት የከተራ ሌሊት፣ በየአጥቢያው ዓመታዊ የንግሥ በዓል እንዲሁም ለተከታታይ ቀናት በሚዘጋጁ የስብከተ ወንጌል ጉባኤያት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ካላቸው የድምፅ ማጉያ በላይ ያስፈልጋቸዋል። ለዕለት አገልግሎት የሚበቃው መሣሪያ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ውጭ እስከ መንገድ ድረስ ለቆመው ምእመን አይደርስም። ስለዚህ ሞንታርቦው፣ ሚክሰሩ፣ ማይክሮፎኑና ጄኔሬተሩ በኪራይ ይመጣሉ፤ በዐውደ ምሕረት፣ በድንኳን፣ በአዳራሽ ወይም በሜዳ ተተክለው ለአንድ ሌሊት አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት ይቆያሉ። በእነዚህ ቀናት ዕቃውን ከስርቆት መጠበቅ የተከራይዋ አጥቢያ ድርሻ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ጥበቃ በቅዱሳት መጻሕፍት ያለውን መሠረት፣ ከውሉ ጀምሮ እስከ ርክክቡ ድረስ ሊደረግ የሚገባውን፣ ዕቃ ቢጠፋም እንዴት መሄድ እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ጽሑፉን እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆነንን አንድ ገጠመኝ እናስቀድም። ከዓመታት በፊት በምናገለግልበት አጥቢያ የፍልሰታ ጉባኤ በተፈጸመበት ምሽት ዕቃው ለባለቤቱ ሊመለስ ሲል አንድ ዋየርለስ ማይክሮፎን ጎደለ። ዕቃው ሲመጣ ዝርዝር አልተጻፈም ነበር፤ ማን እንደ ተረከበውም አልታወቀም። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ገመድ ሲዘረጋና ሲጠቀልል ያመሸው አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድማችን ነበርና ዐይን ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ። "ሌባ" ብሎ በግልጥ የተናገረው አልነበረም፤ "አንተ አይደለህም" ያለውም አልነበረም። የማይክሮፎኑ ዋጋ ከአባላት መዋጮ ተከፈለ። በቀጣዩ ወር ለመስቀል በዓል ምንጣፉ ሲዘረጋ ማይክሮፎኑ ተጠቅልሎ ከነበረው ምንጣፍ ውስጥ ወደቀ። ወንድማችን ይቅርታ ተጠየቀ፤ ይቅርም አለ፤ ወደ አገልግሎቱ ግን አልተመለሰም። ማይክሮፎኑን አገኘነው፤ ወንድማችንን ግን እስከ ዛሬ አላገኘነውም።

ከዚህ የተማርነው ጽሑፉ ሁሉ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። ዕቃን መቍጠር፣ መጻፍና በስም ማስረከብ ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ወንድምን ከጥርጣሬ መጠበቅ ነው።

የተከራየነው ዕቃ አደራ ነው

በኪራይ የመጣ መሣሪያ የእኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ባለጠጋ ድርጅት ሳይሆን ገንዘብ ተበድሮ ጥቂት ዕቃ የገዛና በዚያ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው። አንድ ሚክሰር ቢጠፋበት የሚቀጥለው ሳምንት ሥራው ይቆማል። እኛ የከፈልነውም የአገልግሎቱን ዋጋ እንጂ የዕቃውን ዋጋ አይደለም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ጉዳይ በዝርዝር ያስተምራሉ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ሰው ለባልንጀራው ዕቃ በአደራ ቢሰጥና ከቤቱ ቢሰረቅ ምን እንደሚደረግ፣ በአደራ የተሰጠ ከብት ቢሰረቅ ጠባቂው እንደሚከፍል፣ በውሰት የተወሰደው ቢጎዳ ባለቤቱ አብሮ መኖሩና አለመኖሩ በኃላፊነቱ ላይ ልዩነት እንደሚያመጣ፣ በኪራይ የመጣው ደግሞ በኪራዩ እንደሚታሰብ ተደንግጓል (ዘጸ. 22፥7-15)። አደራ፣ ውሰትና ኪራይ በሕጉ ተለይተው መቀመጣቸው በእኛም ዘንድ ሊለዩ እንደሚገባ ያስተምረናል።

በነቢዩ ኤልሳዕ ዘመን ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ከውኃ በወደቀ ጊዜ የጮኸው ምሳሩ የውሰት ስለ ነበረ ነው (2ኛ ነገ. 6፥1-7)። ከሥራው መስተጓጎል ይልቅ ያስጨነቀው የሰው ገንዘብ በእጁ መጥፋቱ ነበር። እኛም ይህን ጭንቀት ዕቃው ከመጥፋቱ በፊት ልንይዘው ይገባናል።

ስለ አጠባበቁም ምሳሌ አለን። የቤተ መቅደሱን የአገልግሎት ዕቃ የሚጠብቁት ሌዋውያን ሲያስገቡም ሲያወጡም ይቈጥሩ ነበር (1ኛ ዜና 9፥28)። ካህኑ ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ወርቁን፣ ብሩንና ዕቃውን ለተመረጡ ካህናት መዝኖ አስረከበ፤ በደረሱም በአራተኛው ቀን በእግዚአብሔር ቤት እንደ ገና ተመዝኖ ተጻፈ (ዕዝ. 8፥24-34)። ካህናቱ የታመኑ ነበሩ፤ መመዘኑ ግን አልቀረም። ቅዱስ ጳውሎስም ለቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)።

በቤተ ክርስቲያናችን የፍርድ መጽሐፍ ሆኖ የኖረው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጾች ሲኖሩት 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ጉዳይ የሚናገሩ ናቸው። በሥጋዊው ክፍል ስለ ብድር፣ ስለ ውሰትና ስለ አደራ ተጽፏል። አባቶቻችን የሰውን ገንዘብ መጠበቅን ከመንፈሳዊ ሕይወት ውጭ የሆነ ዓለማዊ ሥራ አድርገው አልተመለከቱትም።

ስርቆት የሚፈጸምባቸው ሰዓቶች

ብዙዎቻችን ሌባ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ እንደሚመጣ እናስባለን። በጉባኤ የሚጠፋው ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ሰው በሞላበት ሰዓት ነው። ልብ ልንላቸው የሚገቡ ጊዜያት የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ዕቃው ከመኪና የሚወርድበት ሰዓት ነው። ብዙ እጅ ይሸከማል፤ ማን ምን እንደ ያዘ አይታወቅም። ሁለተኛው ታቦተ ሕጉ የሚያልፍበት ወይም ወንጌል የሚነበብበት ቅጽበት ነው። ሁሉም ፊቱን አዙሮ ሲሰግድ የሚክሰሩ ጠረጴዛ ብቻውን ይቀራል። ሦስተኛው መብራት ድንገት ሲጠፋ ነው፤ አገልጋዮች ወደ ጄኔሬተሩ ሲሮጡ በጨለማ የሚቀር ሰው የለም። አራተኛው መርሐ ግብሩ አልቆ አገልጋዮች ጠበል ጸዲቅ ለመቅመስ የሚቀመጡበት ሰዓት ነው። አምስተኛው ደግሞ ዕቃው በጥድፊያ የሚነሣበት የመጨረሻው ምሽት ነው። ሁሉም ደክሟል፤ ባለቤቱም ለሌላ ሥራ ይቸኩላል።

ምን እንደሚጠፋም ማወቅ ይጠቅማል። ትልቁ ሞንታርቦ ከባድ ስለሆነ በግርግር መካከል ተሸክሞ መውጣት አይቀልም። የሚጠፉት ትንንሾቹ ናቸው፦ ማይክሮፎን፣ አዳፕተር፣ የገመድ ጥቅልል፣ ማከፋፈያ፣ አነስተኛ ሚክሰር። ዋየርለስ ማይክሮፎን ከመቀበያው ጋር አንድ ሆኖ የሚሠራ በመሆኑ በእጅ የሚያዘው ብቻ ሲወሰድ የቀረውም መቀበያ ጥቅም ያጣል፤ ስለዚህ ጉዳቱ ከታየው በላይ ነው። ረጅም የመዳብ ገመድም ለመዳቡ ሲባል ተቈርጦ ሊወሰድ ይችላል።

ዕቃው ከመምጣቱ በፊት፦ ውሉ

ጥበቃ የሚጀምረው በወረቀት ነው። በ1965 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ቃለ ዓዋዲ የአጥቢያን ሀብትና ንብረት አስተዳደር ለሰበካ ጉባኤው የሰጠ ስለሆነ ሰንበት ትምህርት ቤቱም ሆነ የበዓል ኮሚቴው በራሱ ስም ከሚዋዋል ይልቅ ውሉ በሰበካ ጉባኤው ዕውቅና ቢፈረም ይገባል። ይህ ሲሆን ዕዳው በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ አይወድቅም።

ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ነገር ግን የሚከተሉትን በግልጥ ሊይዝ ይገባል።

- የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ ብዛት፣ የፋብሪካ መለያ ቁጥርና ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ዋጋ። ዋጋው አስቀድሞ ካልተጻፈ ዕቃው ከጠፋ በኋላ የሚነሣው ክርክር ወዳጅነትን ያፈርሳል።
- ዕቃው የሚገባበትና የሚወጣበት ቀንና ሰዓት። ባለቤቱ በሰዓቱ ሳይመጣ ዕቃው በሜዳ ቢያድር ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ።
- ባለቤቱ ባለሙያ አብሮ ይልክ እንደሆነና ባለሙያው ዕቃውን ይጠብቅ እንደሆነ። ከላይ እንደ ተመለከትነው ኦሪትም የባለቤቱን አብሮ መኖር ለይታ አይታዋለች። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ባለሙያው "እኔ የመጣሁት ድምፅ ለማስተካከል ነው" ሲል፣ አጥቢያውም "ሰውህ እዚያው ነበር" ሲል ነው።
- የሌሊቱ ጥበቃ የማን ኃላፊነት እንደሆነ።
- የተያዘ ገንዘብ ካለ መጠኑና የሚመለስበት ሁኔታ።

ውሉን ሁለት ምስክሮች ቢፈርሙበትና ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ቅጂ ቢሰጥ መልካም ነው። በሀገራችን በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ኪራይም ሆነ ስለ አደራ ድንጋጌዎች አሉት፤ በጽሑፍ የተቀመጠ ስምምነት ሲኖር ግን ወደ ክርክር መሄድ ራሱ ይቀራል።

ስለ መድንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የስርቆት መድን ብዙ ጊዜ በር ተሰብሮ ወይም ቤት ተደርምሶ የተወሰደን ዕቃ የሚመለከት በመሆኑ ከሜዳ ወይም ከድንኳን ለጠፋ ላያገለግል ይችላል። ባለቤቱ "መድን አለኝ" ቢልም መድኑ በእኛ እጅ ያለውን ጊዜ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድሞ መረዳት ያሻል።

ዕቃው ሲገባ፦ ቈጠራና ርክክብ

ዕቃው ከመኪና ሲወርድ አንድ ሰው እስክሪብቶና ዝርዝር ይዞ ይቁም፤ እርሱ አይሸከም። ሌሎች የሚያወርዱትን እያየ ምልክት ያድርግ። እያንዳንዱ ዕቃ በመለያ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ በስልክም ፎቶግራፍ ይነሣ። ቀድሞ የተሰነጠቀ ወይም የተፋቀ ካለ በዝርዝሩ ላይ ይጻፍ።

በተከራየነው ዕቃ ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምንም ዓይነት ቀለም መቀባት ወይም መፋቅ አይገባም። ይልቁንም በቀላሉ የሚላቀቅ ባለ ቀለም ፕላስተር ተለጥፎ ቁጥር ቢጻፍበት ይበቃል፦ ማይክሮፎን 1፣ ማይክሮፎን 2፣ ገመድ 1፣ ገመድ 2 እያልን። የአጥቢያው ዕቃ በአንድ ቀለም፣ የኪራዩ በሌላ ቀለም ቢለይ በመጨረሻው ምሽት የሚሆነው መደባለቅ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የንብረት ክፍል ኃላፊዎችን የሚመለከት ነገር አለ። ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 መመዝገብ የተለመደ ነው። የኪራይ ዕቃ ግን የአጥቢያው ንብረት ስላልሆነ ከንብረት መዝገቡ ጋር ሳይደባለቅ በተለየ የርክክብ ሰነድ ሊያዝ ይገባል። ያለዚያ ከዓመት በኋላ በሚደረግ ቈጠራ "የጎደለ ንብረት" ሆኖ ይታያል፤ ወይም የሰው ዕቃ በስሕተት በዕቃ ቤት ይቀራል።

ርክክቡን የሚፈርም አንድ ሰው ይሁን፤ ረዳትም ይኑረው። "ኮሚቴው ተረከበ" ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አልተረከበም ማለት ነው።

በተተከለበት ቦታ

የሚክሰሩ ጠረጴዛ ከመውጫ በር ርቆ፣ ከጀርባው ግድግዳ ወይም የድንኳን ጨርቅ ሳይሆን ሰው የማያልፍበት ጠንካራ መከለያ ቢኖረው ይመረጣል። ከበስተ ኋላ የድንኳኑን ጨርቅ ገልጦ እጁን የሚያስገባ ሰው እንዳይኖር ማለት ነው። ትንንሽ ዕቃዎች ከአገልግሎት ውጭ በሆኑበት ሰዓት ሁሉ ጓጉንቸር ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ። ማይክሮፎን በመንበረ ስብከቱ ላይ ተትቶ አይታደር።

ሞንታርቦዎች በእጀታቸው በኩል ሰንሰለት ወይም የብረት ገመድ ገብቶ ከማይነቀል ነገር ጋር ቢቈለፉ መልካም ነው። የድንኳን ምሰሶ ይነሣልና ለዚህ አይሆንም፤ የአጥር ብረት፣ የግንብ ዓምድ ወይም ትልቅ ዛፍ ይሻላል። ሰንሰለቱ ግን ሕዝብ በሚወጣበት መንገድ ላይ እንዳይዘረጋ እንጠንቀቅ፤ ዕቃን ለመጠበቅ ብለን ሰውን አናሰናክል። አምፕሊፋየር በሣጥን ሲቈለፍ አየር ማግኘት አለበት፤ በሥራ ላይ ሳለ በላስቲክ መሸፈንም ያቃጥለዋል።

ለብዙ ወራት በአዳራሽ ወይም በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ የሚተከል የኪራይ መሣሪያ ሲሆን ሞንታርቦው በግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ያለ መሰላል በማይደረስበት ቦታ በቡሎን ይታሰር፤ ገመዱም በቱቦ ውስጥ ይለፍ። መሰላሉ ግን ከዚያው ሥር ተደግፎ እንዳይቀር። የመቈጣጠሪያው ክፍል ቁልፍ በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ይሁን፤ የቁልፉም ርክክብ ይጻፍ።

በፍልሰታ፦ ነሐሴ የዝናብ ወር በመሆኑ ዕቃው በየምሽቱ ወደ ደረቅ ክፍል መግባቱ ከዝናብም ከስርቆትም ይጠብቀዋል። ድካም ቢመስልም የሌሊት ጥበቃ ከማቆም ይቀላል። በየጠዋቱ ሲወጣ በየምሽቱም ሲገባ በዚያው ዝርዝር ይቈጠር። በመጀመሪያው ቀን ያልታየ ጉድለት በ15ኛው ቀን ቢታይ መቼና በማን ተራ እንደ ጠፋ ማወቅ አይቻልም።

በጥምቀት፦ በአዲስ አበባ ጃንሜዳን በመሰሉ ሰፊ ሜዳዎች ብዙ አጥቢያዎች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ዕቃቸውም ይመሳሰላል። በቀለም መለየት እዚህ ላይ ጥቅሙ ይበልጣል። ሌሊቱን በሙሉ በዕቃው ዙሪያ ብርሃን ይኑር። በመኪና ላይ ተጭኖ ታቦቱን የሚያጅብ መሣሪያ ከሆነ በገመድ ይታሰር፤ ሾፌሩ ሲወርድ ሌላ ሰው ከዕቃው ጋር ይቅር። በዓሉ ለአንዳንዱ አጥቢያ ጥር 11፣ ለሌላው የቅዱስ ሚካኤል ታቦት እስከሚመለስበት ጥር 12 የሚዘልቅ ስለሆነ የጥበቃው ተራ ለሁለተኛውም ሌሊት አስቀድሞ ይደልደል።

በውጭ ሀገር፦ በአሜሪካና በአውሮፓ የራሳቸው ሕንፃ የሌላቸው አጥቢያዎች በሰዓት ተከራይተው በሚገለገሉባቸው አዳራሾች መሣሪያውን ሁልጊዜ ይተክላሉ፣ ያነሣሉ። ዕቃውን ለሳምንቱ እዚያው ማስቀመጥ ከታሰበ የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅና በራስ ቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ማኖር ይገባል። ዕቃ ጭኖ በመንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ ማሳደር ለስርቆት ማጋለጥ ነው። ለአዳራሹ ባለቤት የሚቀርበው የመድን ወረቀት በሰው ወይም በሕንፃው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚዘጋጅ በመሆኑ የተከራየነውን መሣሪያ ስርቆት ይሸፍናል ብለን አንተማመን።

የጠባቂዎች ተራ

በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች ይመደቡ። አንዱ ቢነሣ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱም ቢጠረጠር ሌላው ምስክር ይሆነዋል። የተራው ዝርዝር በስምና በሰዓት ተጽፎ ከሚክሰሩ አጠገብ ይለጠፍ፤ ተረኛ ሲለወጥ የወጪው ጠባቂ ዕቃውን ቈጥሮ ለገቢው ያስረክብ፤ ሁለቱም ይፈርሙ።

ተራው ሲደለደል የአገልጋዮቹ መንፈሳዊ ሕይወት ሊዘነጋ አይገባም። ሥጋ ወደሙን ለመቀበል የተዘጋጀ ሰው በቅዳሴ ሰዓት ጠባቂ ሆኖ አይመደብ። ታቦተ ሕጉ ሲያልፍ ጠባቂው ከዕቃው ሳይርቅ በቆመበት ይስገድ፤ ለሌላው በረከት የሚሆን አገልግሎት እየፈጸመ ነውና ከበረከቱ አይጎድልም። የጠበል ጸዲቁ ድርሻም ለተረኞች ባሉበት ይወሰድላቸው። ተርቦ የተቀመጠ ጠባቂ ተራውን ጥሎ ቢሄድ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ የሚሠራበት ደንብ አንድ ይሁን፦ አንዱ ወደ ጄኔሬተር ይሂድ፣ ሌላው ከዕቃው አይነሣ። ባትሪው የተሞላ የእጅ መብራት ከጠረጴዛው ላይ አይጥፋ።

ነጠላ ማጣፋትም ሆነ የመዘምራንን ልብስ መልበስ ብቻውን አገልጋይነትን አያረጋግጥም። "እገሌ ልኮኝ ነው፣ ማይኩን ስጡኝ" የሚል ሰው ቢመጣ ዝርዝሩን የያዘው ሰው ሳይፈቅድ ምንም ዕቃ አይሰጥ። ይህ ደንብ ለካህንም፣ ለሰባኪም፣ ለኮሚቴ አባልም እኩል ከሠራ ማንም አይቀየምም። ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው ካልሠራ ግን ቅያሜ ያመጣል።

ዕቃው ሲወጣ

ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት፣ መብራት ሳለ፣ ምንጣፍ ከመጠቅለሉና ድንኳን ከመፍረሱ አስቀድሞ የድምፅ ዕቃው ይሰብሰብ፤ ይቈጠርም። በመግቢያችን ያነሣነው ማይክሮፎን የጠፋው ይህ ቅደም ተከተል ስለ ተገለበጠ ነበር። ዕቃውን የተረከበው ሰው ራሱ ያስረክብ፤ ባለቤቱም በዚያው ዝርዝር ላይ "ተሟልቶ ተረክቤያለሁ" ብሎ ይፈርም። "ነገ እንተያያለን" ብሎ መለያየት ለሁለቱም ወገን አይጠቅምም። ያስያዝነው ገንዘብ ካለ በዚያው ሰዓት ይመለስ።

ዕቃ ቢጠፋስ?

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ ዕቃ ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ሰዓት የምንሠራው ሥራ ከዕቃው ዋጋ በላይ ይከብዳል።

በመጀመሪያ ዝርዝሩ ተይዞ በሚገባ ይፈለግ፤ ምንጣፍ፣ የመዝሙር ዕቃ ሣጥን፣ የድንኳን ጨርቅና መኪናው ይታዩ። ካልተገኘ ለባለቤቱ በዚያው ዕለት ይነገር። መደበቅ የጠፋውን ዕቃ አይመልስም፤ የታመነውንም ስማችንን ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ የተረኞች ዝርዝር ይታይ፤ ነገር ግን ተረኛ መሆን ብቻውን በደለኛ አያደርግም። ምእመናንን ማስቆምና ኪስ መፈተሽ፣ በዐውደ ምሕረት ስም እየጠቀሱ መናገር፣ ማስማልና ማስፈራራት አይገባም። ጥርጣሬ ያለው ለሚመለከተው የሰበካ ጉባኤ አባል በጽሞና ይንገር እንጂ በስልክ ቡድን ላይ አይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ስርቆት ለመሆኑ ምልክት ካለ ለፖሊስ ይመልከት፤ የመለያ ቁጥሩና ፎቶግራፉም ይሰጥ። በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆት በአንቀጽ 665፣ በአደራ የተሰጠን ዕቃ ለራስ ማድረግ ደግሞ እምነት ማጉደል ተብሎ በአንቀጽ 675 ተደንግጓል። በሕግ መጠየቅ ፍቅርን መተው አይደለም፤ ያልበደለውን ሰው ከሐሜት የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በሥርዓት የተደረገ ምርመራ ነው። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያም በማይታመን ርካሽ ዋጋ የቀረበልንን ማይክሮፎን ወይም ሚክሰር ለቤተ ክርስቲያን ብለን አንግዛ። ሌላው አጥቢያ የጠፋበት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ዕዳው በውሉ መሠረት ይከፈል። ክፍያውን ለዕለቱ ተረኛ ወጣት ብቻ ማሸከም ወይም ለነዳያን ከተሰበሰበው መውሰድ ተገቢ አይደለም። ሰበካ ጉባኤው ተወያይቶ በግልጥ ይወስን፤ የተወሰነውም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ የወሰደው ሰው የሚመለስበት በር ክፍት ይሁን። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ በወደደ ጊዜ ጌታችን ወደ ቤቱ መዳን እንደ ሆነለት መስክሮለታል (ሉቃ. 19፥8-9)። ቅዱስ ጳውሎስም የሰረቀ ሰው ከእንግዲህ እንዳይሰርቅና በእጁ ሠርቶ ለሌላው እስከ ማካፈል እንዲደርስ ያስተምራል (ኤፌ. 4፥28)። ዕቃ የወሰደ ሰው በንስሐ አባቱ በኩል ሊመልሰው ይችላል፤ ካህኑም የሰማውን ይጠብቃል። በስተኋላ በር ተቀምጦ የተገኘ ዕቃ ካለ "ማን አመጣው?" እያልን አንመርምር፤ ለባለቤቱ እንመልስ፤ እግዚአብሔርንም እናመስግን።

ማጠቃለያ

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ ሊዘጋጅ የሚገባው ብዙ አይደለም፦ አንድ የተፈረመ ውል፣ አንድ የዕቃ ዝርዝር፣ አንድ የተራ ሰሌዳ፣ ጥቂት ጓጉንቸር፣ አንድ የእጅ መብራት። እነዚህ ሁሉ ከአንድ ማይክሮፎን ዋጋ ያነሱ ናቸው። "እኛ እርስ በርሳችን እንተማመናለን፤ ዝርዝር ምን ያደርጋል?" የሚል ቢኖር ካህናቱን እያመነ የመዘነውን ዕዝራን ያስብ። መተማመናችን እንዲጸና የምንቈጥረው ዕቃ ይኑር። ቃለ እግዚአብሔርን ለብዙዎች ለማድረስ ብለን ያመጣነው መሣሪያ አንድ ወንድም ከቤተ እግዚአብሔር የሚርቅበት ምክንያት እንዳይሆን በቍጥር እናስገባ፣ በቍጥር እናውጣ።

የአደራ ዕቃችንንም፣ አገልጋዮቻችንንም እርሱ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር